ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ከብት ለምታደልቡ በሙሉ፣ ይቺን ሀኪም ሳታማክሩ በሬ አትግዙ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ማንም ጠይቆኝ አይደለም፣ እሷም መጻፌን አታውቅም። ስላላስፈቀድኳት ስሟን እዚህ አደባባይ ላይ አላወጣም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ ስልኳን እሰጣለሁ። ውለታዋን ይዤ ዝም ብል ግን ደስ አይለኝም።

አባዬ ባሶና ወራና ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ፣ ጥቂት በሬዎች አስሮ የሚያደልብ ገበሬ ነው። ጥር አካባቢ ይገዛል ለፋሲካ ያወጣል፣ በቃ። ጓሮ ላይ ያለች የቆርቆሮ በረት ናት፣ የቤታችን ገንዘብ ግን ሁሉም እዛች በረት ውስጥ ነው፣ የታናሽ እህቴ የኮሌጅ ክፍያም ከዛው ነው የሚወጣው። አንድ ሰንጋ ከመቶ ሺህ ብር በላይ በሚጠራበት በዚህ ጊዜ በሬ ታመመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

አምና በሬዎቹ ይበላሉ ይበላሉ፣ ለውጥ የለም። ፉርሽካው ይገባል፣ የኑግ ፋጉሎው ይገባል፣ የባቄላ ገለባው ያልቃል፣ የጎድን አጥንታቸው ግን ከሩቅ ይቆጠራል። ዳማው ደግሞ ከመንጋጋው ስር ውሀ የቋጠረ የሚመስል እብጠት አወጣ። ከዛማ ባለሙያ ነኝ ያለ ሁሉ መጣ፣ ስም አልጠራም። አንዱ በር ላይ ቆሞ አየና "ብርድ ነው" አለ፣ መርፌውን ወግቶ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ሌላው "ቫይታሚን አንሷቸዋል" ብሎ ሌላ መርፌ። ኪኒን የገዛንበት ቤት ደግሞ ለምን ፈለጋችሁት ያለን የለም፣ በሬው ስንት ኪሎ ይሆናል ብሎ የጠየቀ የለም፣ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን በቃ። ኪኒን ሸጦ ማደር እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? በሁሉም ከፍለናል፣ በሁሉም በሬው እንደዛው ነው። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ግን አባዬ "ልጄ ለምንድነው የማይሻለው?" ብሎ በትህትና ሲጠይቀው "ሽማግሌው አታድርቁኝ" ብሎ የመለሰለት ልጅ ነው። አባዬ እኮ ከልጅነቱ ጀምሮ ከከብት ጋር የኖረ ሰው ነው። ምንም አላለም፣ ማታ ግን እራት አልበላም። ይሄን ሳስታውስ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

የሷን ስልክ የሰጠን ጎረቤታችን ነው። መጣች፣ ከባጃጅ ወርዳ ቦት ጫማዋን ቀየረች፣ እኔ ወዲያው መርፌ የምታወጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ሄዳ አባዬ አጠገብ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። "አባባ እስቲ ይንገሩኝ፣ ከየት ነው የገዟቸው? ከመታሰራቸው በፊት የት ነበር የሚግጡት? ውሀስ ከየት ነው የሚጠጡት?" እያለች ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይናገራል እሷ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አንዴም አላቋረጠችውም። ወንዝ ዳር ያለው ረግረግ ሜዳ ላይ ይግጡ እንደነበር ሲነግራት ደገመችና ጠየቀችው፣ ከስሩም አሰመረችበት። ያኔ ነው እኔ ይቺ ሴት ሌላ ናት ያልኩት።

ከዛ በረት ገባን። የዳማውን የታችኛውን የአይን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደታች ሳብ አደረገችና "ነይ እዪ" ብላ ጠራችኝ። ቀላ ማለት የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል፣ ደም የሚባል ነገር የለውም። ጓንት አድርጋ እበት በፌስታል ያዘች፣ "ሳላየው መድኃኒት አልሰጥም" አለች፣ በማግስቱ ደውላ የጉበት ትል ነው አለችን። ረግረግ ቦታ ላይ ካለ ቀንድ አውጣ ጋር የሚያያዝ ነገር ነው፣ ዝርዝሩን እሷ ታውቀዋለች፣ እኔ የገባኝ ያ ሁሉ የከፈልንበት መርፌ ለዚህ ትል ምንም እንደማይሰራለት ነው። መድኃኒቱንም ዝም ብላ አልሰጠችም፣ ሜትር አውጥታ ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለክታ፣ ኪሎውን ገምታ፣ በልኩ ነው በአፉ ያጠጣችው። ሰውነቱ እየቆየ እየቆየ መለሰ፣ እብጠቱ ጠፋ፣ ጸጉሩ እንኳን ማብረቅረቅ ጀመረ።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ላይ ደረስኩ። አባዬ ማንበብ አይችልም። "በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ መኖና ውሀ ሳይቀምሱ፣ እንዲህ አድርገው ይለኩ፣ ሆዱ ሞልቶ ከተለካ ይዋሻል" ብላ አሳየችውና ቁጥሩን ማንበብ እንደማይችል ስታውቅ ምንም አላለችም፣ ፊቷም አልተቀየረም። እናቴን መርፌና ክር ለመነቻት። የራሷን ሜትር ጭኗ ላይ ዘርግታ ለዳማው ቀይ ክር፣ ለቡሬው ጥቁር ክር፣ ለነጩ ሰማያዊ ክር፣ ዛሬ የደረሱበት ቦታ ላይ ሰፍታ ቋጠረችለት። "አባባ፣ በሚቀጥለው ሲለኩ ሜትሩ ከክሩ ካለፈ እየደለበ ነው፣ አዲስ ክር ያስሩለት። በደንብ እየበላ ሁለቴ ተለክቶ ከክሩ ካላለፈ መኖውን እያቃጠለብዎት ነው፣ ይደውሉልኝ" አለችው። ሜትሩንም ትታለት ሄደች። ያንን ሽማግሌ እያሉ ያመናጨቁትን ሰው! አባዬ አሁን በሬዎቹን ራሱ ይለካል፣ ክሩን ራሱ ያስራል፣ ጎረቤት ሲመጣ ሜትሩን ዘርግቶ "ይሄውላችሁ ዳማው ከዚህ ተነስቶ እዚህ ደርሷል" እያለ ያሳያል። እኔ ተምሬ ይሄን ለአባቴ ማድረግ አልመጣልኝም ነበር። ብድሯን እግዚአብሔር ይክፈላት።

መኖውንም አስተካከለችልን። ፉርሽካና ፋጉሎ ከመጀመሪያው ቀን ተቆልሎ አይሰጥም፣ ሆዱ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ያህል በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፣ ጭድና ድርቆሽ መቼም አይቋረጥም፣ ጨውና ንጹህ ውሀ ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር አለች። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን አተላ የምትጠቀሙ ደግሞ ትኩስ ትኩሱን እንጂ ሻግቶ የከረመውን አትስጡ ብላለች፣ እሱን ላስተላልፍላችሁ ብዬ ነው።

ሀቀኝነቷን ደግሞ ስሙ። የጉበቱን መድኃኒት ስትሰጥ "የዚህ በሬ ስጋ እስከዚህ ቀን ድረስ አይበላም" ብላ ቀኑን የበረቱ በር ላይ በጠመኔ ጻፈች፣ ለእናቴም በቃል ነገረቻት። የፋሲካ ሰሞን ነጋዴ መጣ፣ ዳማውን ጥሩ ዋጋ ጠራበት፣ ቀኑ ግን አልደረሰም። ሰዉ ሁሉ ሽጠው ማን ያውቃል አለው። አባዬ ደወለላት፣ "አባባ፣ የሚበሉት ልጆችም ናቸው፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ አለ" አለችው። ታገሰ፣ ከዳግማይ ትንሳኤ በኋላ ለሰርግ ወሰዱት፣ ዋጋውም አልቀነሰም። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ዝም ብሎ ነበር፣ መድኃኒቱን ሸጧል ምን ቸገረው።

ዘንድሮ ጥር ላይ በሬ ስንገዛ ከብት ተራ አብራን ወጣች። ደላላው አንዱን ወፍራም በሬ "አፍላ ነው፣ ገና አራት ጥርስ ነው" እያለ ይምላል። ከንፈሩን ገልጣ አየችው፣ ጥርሱ ሙሉ ብቻ አይደለም፣ እስከ ድዱ አልቋል። "ያረሰ በሬ አይደልብም ማለት አይደለም፣ ጥርሱ ያለቀ ግን መኖውን አያላምጥልህም" አለችን። ከዛ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን አንድ ከሲታ በሬ አሳየችን፣ ጀርባው ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዳሌው የተንጣለለ፣ አይኑ ንቁ። ከኋላው ቆማ አየችው፣ ትንሽ አስነዳችው፣ አረማመዱን አየች። "ይሄ የከሳው ርቦት ነው እንጂ ታሞ አይደለም፣ ስጋ የሚያስቀምጥበት አጥንት አለው" አለች። በርካሽ ገዛነው። አሁን መጥታችሁ ብታዩት አታምኑም፣ ክሩ ሶስቴ ተቀይሮለታል።

ሳልረሳው፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ላም ማታ ደህና አድራ ጠዋት ሞታ ተገኘች፣ ከአፍንጫዋ ጥቁር ደም ይወጣል። ሰዉ ሊበልታትና ሊከፋፈላት ቢላ ይዞ ቆሟል። ደወልንላት፣ "እንዳትከፍቷት! እንዳትነኳት! አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ይገላል" ብላ ጮኸችብን፣ መጥታ ቆማ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ አስቀበረች። በኋላ የቀበሌውን ከብት ያስከተበችው ራሷ ተሯሩጣ ነው፣ ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ የሚሰራ ነው፣ አታስመልጡት እያለች በየቤቱ ስትዞር ነበር። እባካችሁ በድንገት የሞተ ከብት አትብሉ።

ዋጋዋ ምክንያታዊ ነው፣ ሳትነካ በፊት ይሄን ያህል ነው ብላ ትናገራለች፣ መድኃኒት የማያስፈልግ ከሆነም አያስፈልግም ብላ የመንገዷን ብቻ ተቀብላ ትሄዳለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሞክሯት፣ ከብታችሁን አሳዩዋት፣ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ አማክሯት። እስከ ጫጫና አንጎለላ ድረስ ትሄዳለች። ስልክ ካላነሳች በረት ውስጥ ናትና ተስፋ አትቁረጡ፣ ማታም ቢሆን መልሳ ትደውላለች። ስትደውሉ በሬው የት ይግጥ እንደነበር፣ ከየት እንደተገዛና ከዚህ በፊት ምን መርፌ እንደተወጋ አዘጋጅታችሁ ጠብቋት፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።