«ለቁራሌው ሽጪያት» የተባለችውን ኮምፒውተሬን ላዳነልኝ ልጅ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ይቺን ጽሁፍ ሳትዘሉ አንብቡልኝ። የምጽፈው በዚያችው ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት «አለቀላት፣ ለቁራሌው ሽጪያት» በተባለችው።

ደሴ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ታይፕ፣ ፕሪንት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የተመራቂ ተማሪ ሪሰርች፤ እንጀራዬ ይሄው ነው። ኮምፒውተሯ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ነች፣ እቁብ ሲደርሰኝ ያገለገለች የገዛኋት። በ2014 ዓ.ም. ከተማውን ለቀን ስንወጣ ቤቴ ጓዳ ውስጥ ከጤፍ ጆንያ ጀርባ ደብቄያት ሄድኩ። ስንመለስ ሱቁ ተሰብሯል። ፕሪንተሩም የለም፣ ወንበሩም የለም። ቤት ስገባ ጤፉም የለም። እሷ ግን ባዶ ጆንያ ለብሳ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። እንግዲህ «ጣያት» ሲሉኝ ሆዴ ለምን እንደሚባባ ከዚህ በላይ አላስረዳም።

ችግሯ መንቀርፈፍ ነበር። ዎርዱ፣ ክሮሙና ፎቶሾፑ አንድ ላይ ከተከፈቱ ስክሪኑ ነጭ ይሆንና ትደርቃለች። ደንበኛ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ አላበኝ። የእህቴ ልጅ ራም ጨምሮ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ቀይሮልኝ ነበር። ቶሎ መነሳቱን ተነሳች፤ ስራ ሲበዛባት ግን ያው ናት። «የቀረው ፕሮሰሰሩ፣ አንጎሏ ነው» አለኝ። አዲስ ልግዛ ብዬ ስጠይቅ የሚጠሩልኝ ከ40,000 ብር በላይ ነው። ከየት መጥቶ!

ከዚያ አንድ ቤት ወሰድኳት። የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ራሱን ያውቃል። ሰውየው ሳጥኑን ከፍቶ ሳያይ «ቀላል ነው» አለኝ። 3,500 ብር ተቀብሎ ኮር አይ 5 የሚባል ፕሮሰሰር፣ ሶስተኛ ጄኔሬሽን (ሶስተኛ ትውልድ ማለት ነው) አስገባ። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ። አወጣ፣ አስገባ፣ ጫን ጫን አደረገ። በመጨረሻ የድሮዋን ሲመልሳት እሷም እምቢ አለች። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ድሮም የታመመ ነበር» አይለኝ መሰላችሁ! ጠዋት ደብዳቤ ታይፕ አድርጌባት እኮ ነው ይዣት የሄድኩት። ብሬን ስለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ፕሮሰሰሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሌላው ቤት ደግሞ ገና በር ላይ ሳቀብኝ። «ይሄ ለሙዚየም ነው፣ አዲስ ልሽጥልሽ»። ሳጥኔን አቅፌ ወጣሁ። ዝናብ ነበር፤ ነጠላዬን ለሷ አለበስኳት።

ይሄን ልጅ የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ሱቁ ከእኔ ጓዳ አይሰፋም። ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው። መጀመሪያ ምን አደረገ? ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጠኝ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፣ አንድ ጊዜ እንኳን አላቋረጠኝም። ከዚያ ከጋዜጣው ያወጣሁለትን ፕሮሰሰር አገላብጦ አየ።

«እታለም፣ ይሄ ዕቃ ጤነኛ ነው። ሶኬቱ፣ መቀመጫው ላይ ይገጥማል፤ ያንቺ ቦርድ ግን አያውቀውም። የሷ ሁለተኛ ጄኔሬሽን ነው።»

በነገራችን ላይ እስከዚያ ቀን ሲፒዩ የምለው ሳጥኑን በሙሉ ነበር። ለካ ሲፒዩ ይቺው ፕሮሰሰር ናት፤ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ፣ ውስጥ የምትቀመጥ ነገር ናት። ስንቱን ደንበኛ «ሲፒዩው ስር ቦርሳህን አታስቀምጥ» እያልኩ ኖሬያለሁ።

ቦርዱን በስልኩ ካሜራ አቅርቦ አሳየኝ። ሶኬቱ ውስጥ ፀጉር የሚያካክሉ ሽቦዎች ተደርድረዋል። 1155 ናቸው፣ ስሙም 1155 ነው የሚባለው አለኝ። ከነሱ ሶስቱ ተኝተዋል። ያ ሰውዬ ጫን ጫን ሲያደርግ ያጎበጣቸው ናቸው። «ታመመች» ያላት ራሱ ያሳመማት ናታ!

ልጁ የልብስ መርፌ አወጣ። ገና አንዱን ሊነካ ሲል መብራት ድርግም አለ። «በቃ ነገ» ይለኛል ስል የስልኩን መብራት አብርቶ ሰጠኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱም አብሮ ይወዛወዛል። ቀና ሳይል «አብሽሪ እታለም፣ ክንድሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊው» አለኝ። አሳረፍኩት። ትንፋሹን ይዞ አንዱን ቀና ያደርጋል፣ ይተነፍሳል፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ሶስት ሽቦ ለማቃናት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። የገዛ ልጄ እሾህ ሲያወጣልኝ እንኳን እንዲህ አይጠነቀቅም።

ዋናው ነገር ገና ነው። «ሶስተኛ ጄኔሬሽኑን እኔ ልውሰደው፣ ለሌላ ደንበኛ ይሆነኛል። በሱ ፋንታ ኮር አይ 5 2400 አስገባልሻለሁ፤ የኔው ስለሚረክስ 800 ብር እመልስልሻለሁ» አለ። ዝም ቢለኝ በምን አውቃለሁ? አይ 7 ይሻለኝ ይሆን ብዬም ጠይቄው ነበር። «ለታይፕና ለጉርድ ፎቶ ብርሽን አታባክኚ» አለኝ። ነጋዴ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እንደ ኖራ የደረቀውን የድሮ ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የሙቀት ቅባት) በጥጥ ጠርጎ፣ አዲስ ቀብቶ ገጠማት። ከጎን ካለችው ቡና አፍልታ የምትሸጥ ልጅ አንድ አንድ ስኒ ጠጥተን መብራት ጠበቅን። መጣ። የዴል ምልክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እልል አልኩ። አላፈርኩም። መንገደኛ ሰርግ ያለ መስሎት ዞሮ አየ።

የእጁን 300 ብር ቆርጦ 500 ብር መለሰልኝ። የመርፌውን ስራ አልቆጠረውም። ከፍዬ ልወጣ ሄጄ ተቀብዬ ወጣሁ ማለት ነው።

አሁን ዎርዱም ክሮሙም ፎቶሾፑም አንድ ላይ ተከፍተው ትሰራለች። ሁለት የነበረው ኮር፣ የፕሮሰሰሩ ሰራተኛ በሉት፣ አራት ሆኗል አለኝ፤ እኔ የማውቀው ደንበኛ ሰዓቱን ማየት መተዉን ነው። አልዋሸኝምም። «ዊንዶውስ 11 በደንቡ አይቀበላትም፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው የሚፈልገው። ዓመት ሁለት ዓመት ታገለግልሻለች፤ እስከዚያ እቁብ ግቢ» ብሎኛል። ገብቻለሁ።

ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ክፉ አይንካህ። አላህ ይጨምርልህ፣ ማርያም ትጠብቅህ፤ በቤታችን ሁለቱም ዱዓ ተደርጎልሃል።

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ያፍራል። የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ቦታውን እጠቁማለሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ሳትጥሉ በፊት እሱ ይያትላችሁ። ሂዱ፣ እውነቴን ነው፣ ሂዱ። ብቻ በዋጋ አትጨቅጭቁት። ስክሪንና ኬብል ተሸክማችሁም አትድከሙ፣ እሱ ጋ አለ። ሳጥኑ ብቻ ይበቃል። ክረምት ስለሆነ ፕላስቲክ አልብሱት።