ሳጥኑ ላይ «1000 ዋት» የሚል የተክል መብራት ከመግዛታችሁ በፊት

ቤት ውስጥ ተክል ማሳደግ ለመጀመር ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። የማወራው በኢንተርኔት ስለሚሸጡት ርካሽ የኤልኢዲ የተክል መብራቶችና «ለጀማሪ የተሟላ» ተብለው ከነድንኳናቸው ስለሚቀርቡት ጥቅሎች ነው። ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው ዋት ውሸት ነው። ትንሽ ተጋነነ ማለቴ አይደለም። አስር እጥፍ የሚደርስ፣ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

አንድ ጓደኛዬ ሰላጣና ባዚል ለማብቀል ብሎ እንዲህ ያለውን መብራት ገዛ። ሳጥኑ ላይ በትልልቁ 1000 ዋት ይላል። ዘሩ በቀለ፤ ግን ግንዱ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ላይ ተመዘዘ። ቅጠሉ ገረጣ። ቀጥሎ ችግኞቹ አንድ በአንድ ወደ ጎን ተኙ። ሻጩን ሲጠይቀው «ውሃ አብዝተህበት ነው፣ ማዳበሪያም ጨምርበት» አለው። ጨመረ። ባሰባቸው። ከዚያ የኔን የኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያ ሶኬቱ ላይ ሰክተን መብራቱን አበራነው። ቁጥሩ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለና 104 ላይ ቆመ። 1000 ተብሎ የተሸጠው መብራት ከግድግዳው የሚስበው መቶ አራት ዋት ብቻ ነው። ችግኞቹ የጎደላቸው ማዳበሪያ ሳይሆን ብርሃን ነበር።

ይሄ የአንድ ሻጭ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። አሠራሩ የተለመደ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ካወቃችሁት ሁለተኛ አትሸወዱም።

መብራቱን ገልብጣችሁ ብታዩት ትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በረድፍ ተደርድረው ታገኛላችሁ። መቶ ናቸው እንበል። አምራቹ እያንዳንዳቸውን «ባለ 10 ዋት» ይላቸዋል። መቶ ጊዜ አስር፣ አንድ ሺህ። በቃ፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ማባዛት ነው። ነገር ግን እያንዳንዷ አምፖል በትክክል የምትሠራው በ1 ዋት ገደማ ነው። በ10 ዋት ብትሠራ የተሸከማት ስስ ብረት ሙቀቱን ስለማይችለው ወዲያው ትቃጠላለች። አምራቹ ይህን ያውቃል። ሻጩም ያውቃል። የማያውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛው ሰው ነው፤ ንግዱም የቆመው በሱ ላይ ነው።

1000 የሚለው ቁጥርም እንዲሁ አልተመረጠም። በግሪንሃውስና በቤት ውስጥ እርሻ ለረጅም ዓመታት ሲያገለግል የኖረው ትልቁ የሶዲየም መብራት 1000 ዋት ነበር። ሰዉ ቁጥሩን ለምዶታል። ህጉ በሚፈቅድባቸው አገሮች ካናቢስ ቤት ውስጥ ለማብቀል የሚነሳው ጀማሪም መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ቁጥር ነው፣ ቲማቲምና ቃሪያ የሚተክለውም እንደዚያው። ሻጮቹ ያንን ዝና ነው የሚሸጡት። አንዳንዶቹ ትንሽ ብልጥ ናቸውና «1000 ዋት የሚተካ» ብለው ይጽፋሉ። «የሚተካ» የምትለዋ ቃል ደቅቃ ስለምትጻፍ ዓይናችሁ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ያልፋል።

እውነተኛው ዋት አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ በደቃቁ፣ ወይም ከመብራቱ ጀርባ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ፈልጉት። ዋት ባይጻፍ እንኳ ቮልትና አምፔር ካለ ራሳችሁ አባዙት። 230 ቮልት፣ 0.45 አምፔር ቢል 103 ዋት ተኩል ነው። 120 ቮልት፣ 0.9 አምፔር ቢል 108 ነው። እጅግ በጣም ተጋነነ ቢባል ከዚያ አያልፍም። ወረቀቱን በፎቶ እንዲልክላችሁ ሻጩን ጠይቁት። «የለኝም» ካለ ወይም የሳጥኑን ፎቶ መልሶ ከላከላችሁ፣ ሌላ ቦታ ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ዋት የሚነግረን መብራቱ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ነው። ስንት ብርሃን እንደሚሰጥ አይነግረንም። ተክሎች በዋናነት የሚጠቀሙት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ነው። መብራቱ በአንድ ሰከንድ ከዚህ ብርሃን ስንት ቅንጣት እንደሚረጭ የሚገልጸው ቁጥር ፒፒኤፍ ይባላል፤ የሚለካውም በማይክሮሞል ነው። ይህን ቁጥር ለእውነተኛው ዋት ስታካፍሉት የመብራቱን ጥራት ታገኛላችሁ። ዛሬ ደህና የሚባል ነጭ የኤልኢዲ መብራት 2.5 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ቀይና ሰማያዊ ብቻ የሚያበሩት ርካሾቹ ሐምራዊ መብራቶች ብዙ ጊዜ ከ1.5 አይዘሉም። በተቃራኒው፣ አካፍላችሁ ከ4 በላይ ከመጣላችሁ ያ ቁጥር ከአየር ላይ የተዘገነ ነው። ለአንድ ነጭ የቤት መብራት እንዲህ ያለ ውጤት የለም።

የጓደኛዬን መብራት እንውሰድ። በዙር ቁጥር 100 ዋት እንበለውና ጥራቱን 1.2 እናድርገው። በሰከንድ 120 ማይክሮሞል ይወጣል። ይህ ምንም ሳይባክን አንድ ካሬ ሜትር ላይ ቢያርፍና በቀን 16 ሰዓት ቢበራ፣ ተክሉ በቀን የሚያገኘው 7 ሞል እንኳ አይሞላም (አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው)። ሰላጣ በደንብ ለማደግ በካሬ ሜትር በቀን ከ12 እስከ 17 ሞል ይፈልጋል። ቲማቲም ከ20 እስከ 30 ይጠይቃል። ሻጩ ግን ይሄው መብራት ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ቲማቲም እንደሚያፈራ ጽፏል! ያንኑ 100 ዋት የሚበላ፣ ግን ጥራቱ 2.7 የሆነ መብራት በዚያው ስሌት 15 ሞል ተኩል ይሰጥ ነበር። የኤሌክትሪክ ክፍያው እኩል ነው። ልዩነቱ ሰላጣ በመብላትና ሰላጣ ባለመብላት መካከል ነው። ርካሹን የገዛ ሰው በየወሩ ቆጣሪው ላይ እኩል እየከፈለ ግማሹን ብርሃን እንኳ አያገኝም።

በሉመንና በሉክስም አትታለሉ። ሉመን የብርሃን መለኪያ ነው፣ ሉክስ ደግሞ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ሉመን ነው፤ የተሠሩትም ለሰው ዓይን ነው። ዓይናችን ከሁሉ የበለጠ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ስለሆነ፣ ሉመን ለአረንጓዴ አድልቶ ለቀይና ለሰማያዊ ይነፍጋል። ለነጭ መብራት ግን የስልካችሁ የሉክስ መለኪያ ግምት ለመያዝ ይረዳል። 10,000 ሉክስ ብሎ ካነበበ በካሬ ሜትር በሰከንድ ወደ 150 ማይክሮሞል ገደማ ነው። በሐምራዊ መብራት ስር ግን ንባቡ ዋጋ የለውም።

ሐምራዊውን ካነሳሁ አይቀር፣ «ተክል የሚፈልገው ቀይና ሰማያዊ ብቻ ነው» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። ክሎሮፊል ቀይና ሰማያዊን አብልጦ ይስባል፣ ልክ ነው። አረንጓዴውም ግን ቅጠሉ ውስጥ ጠልቆ ገብቶ ሥራ ይሠራል። ሌላም ችግር አለ፤ እኔ በግሌ ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ የለም። በሐምራዊ ብርሃን ስር ቅጠል ቢጫ ይሁን ቡናማ፣ ተባይ ይኑርበት አይኑርበት አይታይም። ጀማሪ ሰው ተክሉን በማየት ነው የሚማረው። ማየት ካልቻለ ምኑን ይማራል? «ፉል ስፔክትረም» (ሁሉም የብርሃን ቀለም አለበት ለማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ማንም እንዳሻው የሚለጥፈው ነው፤ እሱን አይታችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከዚህ ከፍ ያሉት ሻጮች የብርሃን ካርታ ያሳያሉ። መብራቱ ሲበራ ከታች በየቦታው በካሬ ሜትር በሰከንድ ስንት ማይክሮሞል እንደሚያርፍ የሚያሳይ፣ ቁጥሮች የተሞሉበት አራት ማዕዘን ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሦስት ነገር ተመልከቱበት። አንደኛ፣ ከምን ያህል ከፍታ ነው የተለካው? 20 ሳንቲሜትር ላይ የተለካ ቁጥር ሁሌም ያስደንቃል። ሁለተኛ፣ ዳር ዳሩ ስንት ነው? መሃሉ 900 ሆኖ ጥጉ 90 ከሆነ፣ መሃል ያለው ተክል ሲቃጠል ጥግ ያለው ይራባል። ሌንስ የተገጠመላቸው መብራቶች ይህን ይወዳሉ፤ ብርሃኑን ሁሉ መሃል ላይ አጠራቅመው ለፎቶ የሚሆን ቁጥር ያወጣሉ። ሦስተኛ፣ የመሃሉን ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ሌላውን የሚደብቅ ካለ ካርታ አልሰጣችሁም ማለት ነው።

አሁን ስለ ጥቅሉ። ድንኳን፣ መብራት፣ ፋን፣ ታይመር፣ የአፈር መለኪያ፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን። ዋጋው ሲደመር ርካሽ ይመስላል፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መብራቱ ሆኖ ሳለ ጥራቱ የተቀነሰው እሱ ላይ ነው። ሁለት ሹል ብረት ያለውና ባትሪ የማይፈልገው የአፈር መለኪያ የአሲድነት ንባቡ የሚታመን አይደለም። እሱን አምኖ አፈር ማስተካከል ጉዳት ነው። ድንኳኑን ስትከፍቱ አፍንጫ የሚሰነጥቅ የፕላስቲክ ሽታ ካለው ደግሞ ችላ አትበሉት። ፕላስቲክ ለማለስለስ ከሚገቡት ኬሚካሎች መካከል ዳይቡቲል ፍታሌት የመሰሉት በተዘጋ ቦታ ተንነው የአንዳንድ ተክሎችን ቅጠል ነጭ እንደሚያደርጉ የታወቀ ነው። ዚፑ ብርሃን የሚያስገባ ድንኳን ለሰላጣ አይጎዳም፤ አበባ ለማውጣት ያልተቆራረጠ ጨለማ ለሚፈልጉ ተክሎች ግን ትልቅ እንከን ነው።

ደህንነቱ ከገንዘቡ ይበልጣል። ውሃና ኤሌክትሪክ እዚያው ጠባብ ቦታ ውስጥ ናቸው። መብራቱ የብረት አካል ኖሮት መሰኪያው የመሬት ሽቦ ከሌለው አትጠቀሙበት፣ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነማ ጭራሽ። ዕቃው የአውሮፓን የደህንነት ደንብ ያሟላል የሚለውን የሲኢ (CE) ምልክት አይታችሁ ብቻ አትተማመኑ፤ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ምልክቱን የሚያኖረው አምራቹ ራሱ ነው፣ ሐሰተኛውን ማተምም ቀላል ነው። የሽቦ ማከፋፈያውን መሬት ላይ አታስቀምጡ። ውሃ ተንጠባጥቦ እዚያ መድረሱን እስክታዩ ድረስ ይረፍዳል።

ኮሜንቶቹስ? አምስት ኮከብ ለሰጠ ስጦታ የሚል ወረቀት ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ አምስቱን ዝለሏቸው፤ ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን አንብቡ። በተለይ በመለኪያ ለክተው የጻፉትን። ዕቃው የገባ ሰሞን የተጻፈ ምስጋና ምንም አይነግራችሁም፤ መብራቱ ስለበራ ብቻ የተደሰተ ሰው ነው የጻፈው። አንዳንዴ ኮሜንቱ ስለ ስልክ ሽፋን ወይም ስለ ምጣድ ሲያወራ ታያላችሁ። የድሮ ዕቃ ገጽ ላይ አዲስ ዕቃ ለጥፈው ነው።

ገዝታችሁ ከሆነ፣ ዕቃው በገባበት ቀን ለኩት። ፍጆታ መለኪያው ውድ ዕቃ አይደለም፤ ከሰውም መዋስ ይቻላል። ቁጥሩ እየታየ፣ ሳጥኑም አብሮ እየታየ ቪዲዮ ቅረጹ። ከዚያ ለሻጩ በጽሑፍ ብቻ እንዲህ ብላችሁ ላኩ፦ «1000 ዋት ተብሎ የተሸጠልኝ መብራት ሲለካ 104 ዋት ነው። ዕቃው ከማስታወቂያው ጋር ስለማይገጥም ሙሉ ገንዘቤ ይመለስልኝ፤ የመመለሻውን ወጪ እናንተ ቻሉ።» ብዙ ጊዜ መልሱ የታወቀ ነው። «መብራቱን ያዙት፣ ከከፈላችሁት ትንሽ እንመልሳለን» ይላሉ። እምቢ ስትሉ ከፍ ያደርጋሉ። እስከዚያው ግን የመመለሻው ጊዜ እያለቀ ነው፤ የሚፈልጉትም እሱን ነው። መልስ እየጠበቃችሁ አትቀመጡ፤ የገበያው ድረ ገጽ ላይ አቤቱታውን በዚያው ቀን ክፈቱ። ከድረ ገጹ ውጭ በሌላ መንገድ እንድትነጋገሩ ወይም እንድትከፍሉ ከጠየቋችሁ አትስማሙ፤ ያኔ አቤት የምትሉበት ቦታ ይጠፋል።

የመመለሻ ጊዜው ካለፈባችሁም መብራቱን አትጣሉት። 100 ዋት ያህሉ እውነተኛ ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቦታ ላይ ብቻ አብሩት፣ ዙሪያውን ነጭ ነገር ጋርዱበት፣ ቲማቲሙን ተዉትና ሰላጣ ወይም ችግኝ አሳድጉበት። ብርሃኑ ሩብ ካሬ ሜትር ላይ ሲሰበሰብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ በካሬ ሜትር ሲሰላ በሰከንድ 300 ማይክሮሞል ገደማ ይደርሳል። በቀን 16 ሰዓት ከበራ 17 ሞል ይሆናል። ለሰላጣ በቂ ነው።