ሦስት ዱላ ይዘው የተቀበሉኝ ጠመንጃ ሠሪ

ዛሬ የማመሰግናቸው ሰው አማርኛ አያነቡም። ቢሆንም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ላንካስተር አካባቢ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለች ጋራዥ የጥንት ጠመንጃ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት።

እዚህ ከፈረንጅ ገና ማግስት ጀምሮ በባልጩት ለሚተኩስ የድሮ ጠመንጃ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት አለ። ለዚያ የሚሆን አንድ በገዛ እጄ ልገጣጥም ተነሳሁ። ጓደኞቼ «ውጅግራ ነው?» ይሉኛል። ኧረ ውጅግራ እንኳ የሚጎርሰው ከኋላ ነው! ይሄ ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ ነው የሚጎርሰው።

የተቸገርኩት የቱቦው ርዝመት ላይ ነው። ፎቶ አይቼ 46 ኢንች ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። አንድ ሻጭም «በረዘመ ቁጥር አርቆ ይመታል» እያለ ሊያሸክመኝ ምንም አልቀረው።

ጋሼ ሦስት ዱላ አወጡ። የሰደፉ ልክ ተጨምሮ ለ46፣ ለ42 እና ለ38 ኢንች ቱቦ የተቆረጡ ናቸው። አንድ በአንድ እግሬ ሥር አቁመው፣ ባዶ መስፈሪያ ሰጥተው «በል ባሩድ ጨምር» አሉኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ65 ነው። የ46ቱ ጫፍ ዓይኔ ላይ መጣ። የ42ቱ አገጬ ላይ። የ38ቱ ትከሻዬ ላይ።

«ባሩድ ዓይንህ ሥር ልታፈስ ነው?» አሉና ዝም አሉ።

ረጅሙንም አላጣጣሉትም። ፍጥነት ይጨምራል፤ ግን ከሆነ ልክ በኋላ አራት ኢንች የምታመጣው ትንሽ ናት። ትልቁ ጥቅሙ ለዓይን ነው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ሲራራቅ ትንሿ ስህተት ትታያለች። እንደኔ ስልኩን በክንዱ ርቀት ይዞ ለሚያነብ ደግሞ የኋላው ማነጣጠሪያ ከዓይኑ ሲርቅ ይጠራለታል። እንግዲህ ዓይኔ ረጅም ሲል ቁመቴ አጭር አለ።

ከዚያ ውጫቸውም ርዝመታቸውም እኩል የሆኑ ሁለት ቱቦዎች አስያዙኝ። የአንዱ ቀዳዳ 40 ካሊበር (የኢንች 40 መቶኛ)፣ የአንዱ 50። ቀዳዳው የጠበበው ከበደኝ። እኔ ተቃራኒውን ነበር የጠበቅኩት። «ከውስጡ የወጣው ብረት ትንሽ ነዋ» ሲሉኝ አፈርኩ።

በ1700ዎቹ ጀርመኖች አጭር ጠመንጃ ይዘው መጡ፤ እዚህ ረዘመ። በኋላ የሴንት ሉዊስ ከተማ ጠመንጃ ሠሪዎቹ ሀውከን ወንድማማቾች ለፈረሰኛ ብለው መልሰው አሳጠሩት። ይህንን የነገሩኝ ቡና እየጠጣን ነው።

የ42ቱንና የ38ቱን ዱላ አውሰውኝ ለአንድ ሳምንት ጫካ ይዣቸው ዞርኩ። 42ቱ ቁጥቋጦ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ተያዘብኝ። በ38 ተስማማን፤ 50 ካሊበር፣ ከኋላ ወፍራም፣ መሃሉ ቀጠን ያለ፣ አፉ ላይ መልሶ ወፈር የሚል። ሲደገን ወደ ፊት አይጎትትም። የኋላ ማነጣጠሪያውንም ለዓይኔ ብለው ወደ ፊት ገፉልኝ። ለምክሩ አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ አዳኞች፣ የምትፈልጓቸው ከሆነ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ለቸኮለ ሰው ግን አይሆኑም። ሥራቸው እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ ስልክም ቶሎ አያነሱም።

እዚህ ስለማያነቡት አንድ ነገር ልናዘዝ። የ42ቱን ዱላ ባለቤቴ መጋረጃ ሰቅላበታለች። ሌላ ቆርጬ እወስድላቸዋለሁ።