የዓይን ሞራ፦ ጠብታ ወይስ ኦፕራሲዮን?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ «ዓይኔን ቢላ አይነካውም፤ ጠብታ ፈልጉልኝ» የሚሉ እናቶች አሉን። ፍርሃታቸው ይገባኛል።

ላኖስቴሮል የተባለ ንጥረ ነገር ውሾች ላይ ሞራውን እንደቀነሰ በ2015 እ.ኤ.አ. ተዘግቦ ብዙዎች ተስፋ አደረጉ። ከሰው ዓይን በወጣ ሞራ ላይ ሲሞከር ግን ለውጥ አላመጣም። እስከ ዛሬ ሞራን እንደሚያጠፋ የተረጋገጠ ጠብታ የለም።

ኦፕራሲዮኑስ? ዓይኑ ይደነዝዛል፣ ሞራ የምንለው የደፈረሰው ሌንስ (ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ኢንፌክሽን አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ስለዚህ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚታዘዘው ጠብታ በሰዓቱ ይደረግ።

እኔ ያለማወላወል ኦፕራሲዮኑን እመርጣለሁ። ሞራው በቆየ ቁጥር እየጠጠረ ሥራውን ያከብደዋል። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ፤ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።