የጎንደር የአንድ ቀን የግንብ ጉብኝት፦ ቁስቋምን ለመጨረሻ አታስቀሩት

ጎንደር ላይ በሆቴሎችና በአስጎብኚዎች በኩል የሚቀርበው የአንድ ቀን ጉብኝት አራት ቦታ ይይዛል፤ ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቀሃ ወንዝ ዳር ያለው የፋሲል መዋኛ እና የእቴጌ ምንትዋብ ግንብና ቤተ ክርስቲያን ያለበት ቁስቋም። አራቱም ከተማው ውስጥ ወይም ጫፉ ላይ ስለሆኑ መንገድ ላይ የሚባክን ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ አንድ ቀን በደንብ ይበቃል። ችግሩ የጊዜ አከፋፈሉ ነው። በተለመደው አካሄድ ጠዋቱ ዘግየት ብሎ በግቢው ይጀመራል፣ ሥላሴ ሲደረስ ቀትር ሆኖ በሩ ተዘግቷል፣ ከምሳ በኋላ መዋኛው ላይ ፎቶ ሲነሣ ይቆያል፣ ቁስቋም ሲደረስ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ገንዘቡን ያወጣል ወይ ለሚል መልሴ አዎ ነው፣ ያውም በደንብ። ግን ቅደም ተከተሉን አስቀይራችሁ ግዙት።

የሚሻለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ፋሲል ግቢ፣ ምሳ ፒያሳ አካባቢ፣ 8 ሰዓት ላይ በቀጥታ ቁስቋም፣ ከዚያ ወደ ታች ሲመለሱ መዋኛው። ቁስቋምና መዋኛው በከተማው ሰሜን ምዕራብ በአንድ አቅጣጫ ስላሉ ሁለቱን ማያያዝ ነዳጅም ጉልበትም ይቆጥባል። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ ደግሞ ከሰዓቱ ሙቀት ጋር ይስማማል። ለሦስት ሰው ሚኒባስ መከራየት አያስፈልግም፤ ለግማሽ ቀን የተዋዋላችሁት ባጃጅ ያው ነው፣ እንዲያውም ቁስቋም ጠባብ መንገድ ላይ ይመቻል። ዋጋውን ስትነጋገሩ የመጠበቂያው ሰዓት መታሰቡን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጭቅጭቅ የሚነሣው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ሥላሴን ማስቀደም ያስፈለገው በቅዳሴ ምክንያት ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ ከቀትር ጀምሮ እስከ ከሰዓት ስለሚዘልቅ ረቡዕ፣ ዓርብና በዐቢይ ጾም ከሰዓት የሄደ ጎብኚ ደጅ ላይ ይቆማል። እሁድና በዓል ቀን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠዋት ይቀደሳልና መጀመሪያ ግቢውን አይታችሁ ወደ ሥላሴ ኋላ ሂዱ። አስጎብኚያችሁ ይህን ሳይነግራችሁ ፕሮግራም ከሰጣችሁ ሥራውን በቅጡ አያውቅም ማለት ነው። ጥር 7 እና ሐምሌ 7 የሥላሴ ንግሥ ስለሆነ ሥዕሉን ለማየት ሳይሆን ለበዓሉ ብላችሁ ብቻ ሂዱ።

ቤተ ክርስቲያኑን የመሠረተው አድያም ሰገድ ኢያሱ ነው። የመጀመሪያው ሕንጻ ክብ እንደነበረና በመብረቅ እንደፈረሰ ይነገራል፤ አሁን ያለው አራት ማዕዘን ነው፣ ክዳኑም ሣር። እ.ኤ.አ. በ1888 ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ሥላሴ ተርፏል። በአካባቢው የሚነገረው የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን መለሰ የሚለው ነው። ሁሉም ሰው ቀና ብሎ የጣሪያውን የመላእክት ፊት ያያል፤ ይገባል። ትንሽ ቆም ያለ ሰው ግን የዐይኖቹ አቅጣጫ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ያስተውላል፣ ምሰሶና ወራጅ መገናኛ ላይ ቀለሙ የት እንደሳሳም ይለያል። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ቀለሙን የሚጎዳው ብርሃን ነውና ደንቡ ትክክል ነው። ወደ ውስጥ ስትገቡ ለ3 ደቂቃ ያህል ፎቶ ሳትሞክሩ ቁሙ፣ ዐይን ጨለማውን ይለምዳል። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ይያዙ። ስትወጡ የቅጥሩን ክብ ማማዎች ቁጠሩ፤ 12ቱ ሐዋርያትን፣ በር ሆኖ የተሠራው 13ኛው ክርስቶስን ይወክላሉ ተብሎ ይተረጎማል። ብዙ ቡድን ይህን ሳያይ ወደ መኪናው ይሮጣል።

ፋሲል ግቢ መግቢያው ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ነው። ግቢው 7 ሄክታር ያህል ስፋት አለው፣ የከበበው ቅጥር 900 ሜትር ይረዝማል፣ በሮቹ 12 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚህ ከ2 ሰዓት ተኩል በታች የሚመድብ አስጎብኚ የሚያሳያችሁ የአፄ ፋሲልን ግንብ ብቻ ነው፤ ሌላውን በጣት እየጠቆመ ያልፈዋል።

የፋሲል ግንብ ከነማማው 32 ሜትር ያህል ይቆማል። በአራቱም ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉት፣ ግድግዳው በኖራ የተያያዘ ጥቁር ቡናማ ድንጋይ ነው። ምድር ቤቱ የእንግዳ መቀበያና የግብር አዳራሽ ሲሆን ከበሮቹ በላይ ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ ታያላችሁ፤ ሰሎሞናዊ ነን የማለት ምልክት ነው። ላይኛው ክፍሎች ሁልጊዜ ክፍት አይደሉም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት «ዛሬ ፎቁ ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልተከፈተ ጉብኝቱ ቢያንስ በግማሽ ሰዓት ያጥራል፣ ያንን ጊዜ ለቁስቋም ጨምሩት። ደረጃው ቁልቁለትና ያልተስተካከለ ነው፤ በክረምት ድንጋዩ ያንሸራትታል። ጎማ ሶል ያለው ጫማ የግድ ነው።

የአስጎብኚ ብቃት የሚለየው እዚህ ላይ በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ሠራው? «ፖርቱጋሎች» ብሎ የሚያልፍ ካለ ተጠራጠሩ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ሲነግሥ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የአባቱ የሱስንዮስ የካቶሊክ አዋጅ ከተሻረ በኋላ ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ማባረር ነበር፤ ጎንደርን የመሠረተው ከዚያ በኋላ በ1636 አካባቢ ነው። ከእርሱ በፊት ደግሞ አፄ ሠርፀ ድንግል እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ የተባለውን ግንብ በድንጋይና በኖራ አሠርቷል። የሕንድና የፖርቱጋል እጅ አሻራ በአሠራሩ ላይ አለ፣ ይህን መካድ አያስፈልግም። ዳሩ ግን ሥራውን ያዘዘው፣ ያቀደለትና ከትውልድ ትውልድ የቀጠለው የጎንደር ቤተ መንግሥት ነው። ጥሩ አስጎብኚ ይህን ሁሉ በ5 ደቂቃ ይተነትነዋል፤ ይህ ማብራሪያ ብቻውን የሚከፈለውን ያህል ዋጋ አለው።

ከፋሲል ግንብ ወደ ታላቁ ኢያሱ ግንብ እለፉ። ከሩቅ ሲታይ ጣሪያው ኮርቻ ይመስላል። በዘመኑ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስታወት ያጌጠ እንደነበር ተጽፏል፤ ዛሬ ባዶ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ጣሊያኖች ግቢውን የጦር ሰፈራቸው ስላደረጉት የእንግሊዝ ቦምብ መታው። ከዚህ ቀጥሎ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። በኖራ ተለስኖ ቢጫ ሆኖ የሚታየው እርሱ ነው፤ ያ ልስን ከጣሊያን ዘመን ጥገና የመጣ ነው። የዳዊትን አዳራሽ፣ የአንበሶቹን ቤትና የእንፋሎት መታጠቢያውን ቶሎ ቶሎ ማለፍ ይቻላል፣ መታጠቢያው ውስጥ ግን ጨለማ ስለሆነ የስልክ መብራት አብሩ። የበካፋ ረጅም አዳራሽ ሰፊ ነው፣ ዝርዝሩ ግን ጥቂት ነው። በሰሜን በኩል ያለው የምንትዋብ ግንብ ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች በልባችሁ ያዙ፤ ቁስቋም ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ግድግዳውን በቅርብ ስታዩ መጋጠሚያው ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ትለያላችሁ። ነጣ ያለው፣ በጥፍር ሲነካ የሚፈረፈር የሚመስለው ኖራ ነው። ግራጫና ደረቅ የሆነው ኋላ የተጨመረ ሲሚንቶ ነው። ኖራ እርጥበት ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ስለሚወጣ ድንጋዩ ራሱ ይላጣል። በጥፍር ስላልኩ አትሞክሩት፣ በዐይን ይበቃል። ቅጥሩ ላይ መቀመጥና ሣር የበቀለበትን ጫፍ ይዞ መንጠላጠልም ያው ጉዳት ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ከሙሽሮች ጋር የሚመጣው ብዙ ሰው ይህን ቢያውቅ ምንኛ ጥሩ ነበር።

አሁን ቁስቋም። ተራራው ሥር ነው፣ ከከተማው ግርግር ወጣ ያለ፣ ጽድና ወይራ የከበበው። እቴጌ ምንትዋብ፣ የቋራዋ፣ በዙፋን ስሟ ብርሃን ሞገሳ፣ ባሏ አፄ በካፋ ሲሞት እ.ኤ.አ. በ1730 ልጇን ቋረኛ ኢያሱን አንግሣ ዘውድ ጭና አብራ ገዛች። ይህን ግቢ ያሠራችው ለራሷ መኖሪያና ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያም ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ያረፈው እዚህ ነበር።

ፋሲል ግቢ ላይ የነገሥታቱን ጉልበት ታያላችሁ፤ እዚህ የአንዲት ሴት ምርጫ ይታያል። ግንቡ ጣሪያ የለውም፣ ግማሹ ፈርሷል፤ ነገር ግን ጌጡ ከግቢው ይልቅ ሕያው ነው። ከጥቁሩ ድንጋይ መካከል ቀላ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተመርጦ ገብቷል፣ በመስኮትና በበር ዙሪያ መቀነት ሆኖ ይዞራል፣ በላዩም መስቀሎች ተፈልፍለዋል። ቀዩ ድንጋይ ለስላሳ ስለሆነ ለመቅረጽ ይመቻል፣ በዚያው ልክ ዝናብ ይበላዋል፤ የመስቀሉ ጠርዝ በዝናብ በኩል ክብ ሆኖ፣ በጥላ በኩል ግን እንደ ጥንቱ ስለት ሆኖ ቀርቷል። 9 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ቅርጹ ጥላ ይጥልና በግልጽ ይወጣል። ከዚያው ወደ ከተማው ስትመለከቱ ፀሐይ ከኋላችሁ ስለምትሆን የግቢው ማማዎች ከቤቶቹ መካከል ይለያሉ። ለዚህ ነው ቁስቋም ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይገባዋል የምለው።

ቤተ ክርስቲያኑ በድርቡሽም በጦርነትም ተጎድቶ እንደገና የተሠራ ነው። የእቴጌይቱ፣ የልጇና የልጅ ልጇ የኢዮአስ አፅም በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ ይታያል። ቁልፍ የሚይዘው የደብሩ አገልጋይ ነው፣ ሁልጊዜ በቦታው አይገኝም፤ አስጎብኚው ከምሳ በፊት ደውሎ እንዲያገኘው አድርጉ። ኅዳር 6 ዓመታዊ በዓሏ ስለሆነ ግቢው በሕዝብ ይሞላል።

መዋኛው ላይ 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ሰው የሚያዝነውም እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ገንዳው በአብዛኛው ዓመት ደረቅ ነው። ለጥምቀት ሲቃረብ ብቻ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ ይገባበታል። ጥር 10 ታቦታቱ ይወርዳሉ፣ ጥር 11 ንጋት ውኃው ይባረካል። በፎቶ ያያችሁትን ሙሉ ውኃ በሚያዝያ የምትጠብቁ ከሆነ ይቅርባችሁ። ለዚያ ሳይሆን ለቅጥሩ ሂዱ፦ የሾላው ሥር ከግንቡ ላይ ወርዶ ድንጋዩን አቅፎ ይዟል። ሥሩ ሲወፍር መጋጠሚያውን ይከፍታል፣ ቢቆረጥ ደግሞ የያዘው ድንጋይ ይናዳል፤ ለዚህም ነው ዝም ተብሎ የማይነቀለው። ጸጥታ ያለው ምርጥ የዕረፍት ጥላም ይኸው ቅጥር ሥር ነው። ለጥምቀት የምትመጡ የእንጨት ርብራብ መቀመጫ ላይ አትውጡ፤ በ2012 ዓ.ም. እዚሁ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ከቅጥሩ ውጭ በምድር ላይ ቁሙ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቦታ ያዙ።

ክፍያን በተመለከተ፦ የግቢው ትኬት መዋኛውንም ያስገባል፣ ስለዚህ ከምሳ በኋላ ቁራጩን አትጣሉ። ሥላሴና ቁስቋም ለየብቻ ይከፈላል። የአስጎብኚ ዋጋ በቡድን እንጂ በነፍስ ወከፍ እንዳይሆን ተስማሙ፣ መግቢያው በጉብኝቱ ዋጋ ውስጥ መኖር አለመኖሩንም በጽሑፍ አስይዙ፤ «ሁሉም ተካቷል» ተብሎ በየበሩ እንደገና መክፈል የተለመደ ቅሬታ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ። ለቪዲዮ ካሜራ ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብ። ፈቃዱን በአንገቱ ያንጠለጠለ አስጎብኚ ግቢው በር ላይ ይገኛል፤ ለግቢው ብቻ ከፈለጋችሁ ሙሉውን ጉብኝት መግዛት አይጠበቅባችሁም።

ጉዛራን ወይም ጎርጎራን በዚሁ ቀን እናስገባ የሚል ሻጭ ካለ እምቢ በሉ። ሁለቱም ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ ይርቃሉ፣ አቅጣጫቸውም የተለያየ ነው፤ ለየብቻ ቀን ይፈልጋሉ። ከከተማ ለመውጣት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከተመላለሱ ሾፌሮች ጠይቃችሁ ነው መነሣት ያለባችሁ።