አዲስ ርካሽ ጊታር ወይስ ያገለገለ ክላሲካል?
በለገጣፎም ሆነ በሰበታ ለሚኖር ጀማሪ ርካሹ አዲስ ጊታር ብዙውን ጊዜ ፊቱ ከተነባበረ ስስ እንጨት የተሠራ በመሆኑ የበጋውን ደረቅ አየር በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ ድምፁ ግን ጠባብ ነው። ያገለገለው ፊቱ ከወጥ ጣውላ የተሠራ ከሆነ፣ በእኔ እምነት ድምፁ ብቻውን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። ይሁንና ክላሲካል ጊታር ለናይለን ክር የተሠራ ስለሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት የብረት ክር አስሮበት ከነበረ፣ ከፍተኛው ውጥረት ክሮቹ የሚታሰሩበትን ድልድይ ሊያላቅቀው፣ ፊቱንም ሊያሳብጠው ይችላል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ በቀላሉ አይጠገንም። ስለዚህ ከድልድዩ ሥር ወረቀት የሚገባ ከሆነ፣ ወይም በ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች 12ኛው) ላይ ክሩ ከፍሬቱ ከ4 ሚሊ ሜትር እጅግ በበለጠ ርቀት ከፍ ያለ ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አዲሱን እመርጣለሁ። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ድልድዩም የጠበቀ ከሆነ ግን ያገለገለውን እንዲገዙ አጥብቄ እመክራለሁ።