ማሲንቆ ከደሴ ሲገዛ፦ ሳጥኑ ምን ያህል ይስፋ?

ደሴ ላይ ማሲንቆ በሁለት መንገድ ይገኛል፤ አንዱ ከባህል ዕቃ ሱቅ፣ ከመሶብና ከጀበና ጎን የተሰቀለው፣ ሌላው ሠሪው ዘንድ ተሄዶ የሚታዘዘው። የሱቁ ለግድግዳ ያምራል። አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ጎኑ ስንዝር አይሞላም፣ ቆዳውም ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ቆዳን ያከብዳል፤ የከበደ ቆዳ ደግሞ ጭራው፣ ማለትም ከፈረስ ጭራ የተሠራው ክሩ፣ ሲሳብ እንደልቡ አይርገበገብም። መጫወት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን እዚህ ላይ አያውጣ።

የሚታዘዘው ላይ የመጀመሪያው ክርክር ስፋት ነው፤ «ትልቁን ስጠኝ» የማይል ገዢ ጥቂት ነው። እውነት ነው፣ ሳጥኑ ሲሰፋ ውስጡ ያለው አየር ይበዛል፣ የቆዳውም ፊት ይሰፋል፣ ወፍራሙ ድምፅ ይጎላል። ረጅም እየሳቡ ትዝታ ለሚያንጎራጉሩ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ሰፊ ቆዳን አጥብቆ መወጠር ከባድ ስለሆነ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል።

ይህን ለመለየት አምባሰል የሚባለውን ቅኝት ማስመታት ነው። በአምባሰል ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ቆዳው የላላ ትልቅ ማሲንቆ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ይሰማሉ። በባቲ ሜጀር ቅኝት ግን እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ሙሉ ድምፅ ስለሚዘለል ጉድለቱ ይሸፈናል። ሻጩ ባቲ ብቻ ተጫውቶ ካሳየ፣ «እስቲ አምባሰል» ይባል።

የእኛ ምርጫ ጎኑ አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት ገደማ የሆነው ነው። ለቤት፣ ለዘፈን አጃቢነት፣ ማይክ ላለበት መድረክም ይበቃል። ከዚያ የሚበልጠው ያለ ማይክ ለሚጫወትበት የሠርግ ድንኳን ጥሩ ነው፤ ማይክ ሲቀርበው ግን ወፍራሙ ድምፅ ከልክ አልፎ ያጓራል።

ከስፋቱ ይልቅ ገዢውን የሚያስቆጨው ቆዳው ነው። ማሲንቆውን ይዞ ወደ በሩ ወጥቶ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ ማየት። ጥሩ ቆዳ ብርሃኑን በእኩል ያሳልፋል፤ ጠቆር ያለ ጉብታ ከታየ እዚያ ላይ በደንብ አልተፋቀም፣ ድምፁም ይታፈናል። ቀጥሎ መሐሉን በጣት ጥፍር መታ ማድረግ ነው። ጥርት ብሎ ከመለሰ ተወጥሯል፤ «ድብ» ብሎ ከቀረ ላልቷል። ስፌቱ ዙሪያውን ይዳሰስ። አንድ ቦታ እንኳ አየር ካስገባ፣ ደጋኑ በተሳበ ቁጥር ይንዘረዘራል።

ብርኩማውን፣ ማለትም ጭራውን ከቆዳው አንስቶ የያዘውን እንጨት፣ ወደ መሐል ጠጋ ማድረግ ድምፁን ያወፍራል፤ ወደ ጠርዝ ማራቅ ያቀጥነዋል። ሳጥኑን ከመቀየር በፊት ይህ ይሞከር፤ ወጪ የለውም።

ጭራውን የሚወጥረው መቃኛ እየዞረ የሚመለስ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ጠመኔ መቀባት ይይዘዋል። አዲስ ደጋን ድምፅ ካልሰጠ ተበላሽቷል አይባል፤ የደጋኑ ጭራ ዕጣን ወይም ሙጫ አልጠገበም ማለት ነው። ዕጣኑን ጭራው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግሞ ማሸት ያስፈልጋል። ቅባት የነካ እጅ ግን ጭራው ላይ አይረፍ፤ ቅባት ከገባበት ዕጣኑ አይዝም።

አየሩም ይቆጠራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በክረምት ጭጋግ ቆዳውም ጭራውም እርጥበት ይጠጣሉ። ቆዳው ይላላል፣ ጭራው ይረዝማል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርደው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ መልሶ ያደርቀዋል፤ ጭራው ያጥራል፣ ቅኝቱ ይወጣል። ስለዚህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሠርግ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ጭራውን ትንሽ ያላላው፤ ሲደርስም ከመጫወቱ በፊት ማሲንቆውን ከማኅደሩ አውጥቶ አየሩን ያስለምደው። የላላ ቆዳ የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። እሳት ላይ ማስጠጋት ግን ቆዳውን በድንገት ያኮማትረዋል፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም ስፌቱ አጠገብ ነው፣ ያ ደግሞ አይጠገንም፣ ቆዳው እንዳለ ይቀየራል።